ልጁን ቤት እንዳታስቀሪው

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወንድምሽ በስልክ ሲያጫውተኝ ሰማሁ። የልጁ መዋዕለ ሕፃናት ለኬይሮ ኖ ሂ፣ ለጃፓኖቹ የአረጋውያን ማክበሪያ በዓል፣ አያቶችን ጠርቷል፤ አንቺ ደግሞ «እዚህ አያት የለው፣ የዚያን ቀን ቤት ይዋል» ብለሻል አሉ። ተይ ልጄ። ልጁን ቤት እንዳታስቀሪው። ወረቀቱንም «አይመጣም» ብለሽ ሞልተሽ እንዳትመልሺ።

መጀመሪያ ቀኑን አጣሪ። በዓሉ የሴፕቴምበር ሦስተኛ ሰኞ ነው፤ ዘንድሮ በ2026 በ21ኛው ቀን ይውላል፣ በእኛ መስከረም 11። ረቡዕ 23 ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት በዓላቸው ስለሆነ፣ በሁለት በዓላት መሃል የተያዘችው ማክሰኞም በሕጋቸው በዓል ትሆናለች። ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ አምስት ቀን ተከታታይ ዕረፍት ነው። ትምህርት ቤቶች የአያቶችን ዝግጅት ብዙ ጊዜ ቀደም ባለው ሳምንት ይጨርሱታል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን እንጂ የግድግዳ ካላንደሩን ቀይ ቁጥር አትከተዪ።

ግን ያ «አያት የለውም» ያልሽው ነገር አልዋጥልኝ አለ። ይህ በዓል ሲጀመር የልጅ ልጅ አያቱን የሚስምበት ቀን አልነበረም። በፈረንጆቹ 1947፣ ጦርነቱ ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ፣ ሂዮጎ በሚባለው የጃፓን አውራጃ ውስጥ ኖማዳኒ የምትባል መንደር ነበረች። ልጆቻቸውን ወደ ጦር ሜዳ ሸኝተው መንፈሳቸው የዛለ ወላጆች የበዙበት ጊዜ ነው። የመንደሩ ሹም እነሱን አስበው ዕድሜው 55ና ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ ጠርተው ግብዣ አደረጉ። ቀኑን ሴፕቴምበር 15 ያሉት የእርሻ ሥራ ፋታ የሚሰጥበት፣ አየሩም የሚመችበት ወቅት ስለሆነ ነው። 55! ዛሬ ጃፓን ውስጥ የ55 ዓመት ሰው ሽማግሌ ቢሉት ይቀየማል። የሹሙ ሐሳብ ሽማግሌዎቹን ማክበር ብቻ አልነበረም፣ ምክራቸውን ይዞ መንደሩን ማቅናትም ነበር። ነገሩ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተዛመተ፣ በ1966 ብሔራዊ በዓል ሆነ፣ በ2003 ደግሞ ወደ ሰኞ ተዛወረ። መንደሩ የጠራው ሽማግሌዎቹን ሁሉ ነው፣ የማን አያት ናቸው ሳይል። አንቺ የደም ዘመድ ከየት አመጣሽው?

ስለዚህ ከታች ፎቅ ያሉትን እማማ ጠይቂያቸው። መጀመሪያ ግን ለመምህሯ በመልእክት ደብተሩ ላይ «ዘመድ ያልሆነ ሰው መምጣት ይችላል ወይ?» ብለሽ ጻፊ። እሺ ካሉሽ በኋላ ወደ እማማ ሂጂ፤ አስቀድመሽ እሳቸውን ጋብዘሽ ትምህርት ቤቱ እምቢ ቢል ማፈሪያ ነው። በቤተሰብ ስማቸው ላይ የአክብሮቱን «ሳን» ጨምረሽ ጥሪያቸው እንጂ «አያቴ» አትበያቸው፣ እሳቸው ካልፈቀዱ። የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማና ጫማቸውን የሚይዙበት ፌስታል ይዘሽላቸው ሂጂ። ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ጉልበት ይጎዳልና ወንበር እንዲያዘጋጁ አስቀድመሽ ንገሪ።

እዚያ ከሚጫወቷቸው አንዱ ኦቴዳማ ነው፣ ባቄላ የተሞላች የጨርቅ ከረጢት። ይህን ልጁ ቤት ይልመድ። አንዷን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ሳትወርድ ሌሎቹን ከመሬት ለቅሞ፣ መልሶ መቅለብ አለ፤ ያው ቅልብልቦሽ ነው፣ ጠጠሩ ጨርቅ ለበሰ እንጂ። አምስት ስፊለት። ለአንዷ 4.5 በ9 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች ይበቃሉ፣ ለስፌት በየዙሪያው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨምሪ። ውስጧ 40 ግራም ያህል ደረቅ አዙኪ፣ ያ ትንሹ ቀይ ባቄላ። ጠቅጥቀሽ ከሞላሻት እጅ ላይ ትነጥራለች፤ መዳፍ ላይ ተኝታ መቅረት አለባት። ባቄላውን አታጥቢው፣ ይሻግታል። በድስት ዘይት ሳታደርጊ ትንሽ አመስ አድርገሽ፣ በደንብ አቀዝቅዘሽ ሙዪ፤ አለበለዚያ ብዙ ሳይቆይ ነቀዝ ይወጣዋል። መሙያ ቀዳዳዋን በድርብ ክር ዝጊ፤ እዚያ ነው የምትፈታው። ቅልብልቦሹን ደግሞ አንቺ አስተምሪው፣ እጅሽ አልረሳውም።

ልጁን ቤት አታስቀሪው ብያለሁ።

ለእማማ ስጦታ ትልቅ ነገር እንዳትገዢ። እዚያ አገር የተቀበለ ሰው የዋጋውን ግማሽ ያህል መመለስ አለብኝ ብሎ ይጨነቃል፤ ከ2,000 የን አትለፊ። አራት ወይም ዘጠኝ ፍሬ ያለው ሣጥን አይሆንም። ማበጠሪያ አይሆንም። ሞቺ፣ ያ የሚለጠጠው የሩዝ ኬክ፣ በፍጹም፤ በየዓመቱ ሽማግሌ ያንቃል። ለየብቻ የተጠቀለለ ለስላሳ ኬክ ጥሩ ነው። ቡና ካማረሽ ቆልተሽ ፈጭተሽ ስጪ፣ ጥሬውን ምን ያደርጉታል? የስጦታ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀይና ነጭ ክር እንደ ቢራቢሮ የታሰረ ይሁን፣ እሱ ተደጋግሞ ለሚመጣ ደስታ ነው፤ ጠብቆ የተቋጠረው ለሠርግና ለሐዘን ነው። ከከረጢቱ አውጥተሽ በሁለት እጅሽ ስጪ።

ለእኔ ደግሞ ልጁ ክፍል ውስጥ ፖስት ካርድ ይሥላል። መምህሯ የቤት አድራሻ ስትጠይቅ የቤት ቁጥራችንን እንዳትሰጪ፤ እዚህ ፖስታ በር ድረስ አይመጣም። የአክስትሽን መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስጪ፣ ስልኳንም ጨምሪ። ቴምብሩ የአገር ውስጡ አይበቃም፣ በአየር የሚሄደው 100 የን ነው። ከበዓሉ በፊት አስገቢው፣ በእነዚያ አምስት ቀናት መስኮቱ ይዘጋል።

አጠገቡ ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር፣ እኔው እሄድ ነበር። ዝግጅቱ በእናንተ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ከሆነ ለእኛ ከሌሊቱ 10 ነው፤ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ አትሳሳቺም። ነቅቼ እጠብቃለሁ፣ ግን መምህሯ ካልፈቀደች ስልክሽን እዚያ እንዳታወጪ። የሌሎች ልጆች ፊት አለበት። ቤት ስትገቡ በ3 ሰዓት ደውሉልኝ፣ ለእኛ ጠዋት ነው።

ወረቀቱን ነገ መልሺ። «ይመጣል» በይ።

እናትሽ