እማዬ፣ ቤቱን አይተሽ ሳትጨርሺ ቀብድ አትስጪ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? በትንሿ ከተማ አፓርታማ ልትከራዪ ስትወስኚ ደስ ብሎኛል። በስልክ የተባባልነው እንዳይረሳ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ቤት ልታዪ ስትወጪ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው።

ኪራዩ ከወር ገቢሽ 30 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ግን በኪራዩ ብቻ አትወስኚ። መብራቱን፣ ውሃውን፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮውን፣ ወደ ሐኪምና ወደ ገበያ መመላለሻውንም ደምሪበት። ዳር ላይ ያለ ርካሽ ቤት በትራንስፖርት ብቻ መሀል ካለው ሊበልጥ ይችላል። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ቀድመሽ ጠይቂ፤ በሰው ቁጥር ከሆነ ብቻሽን ለምትኖሪው ይሻልሻል፤ በቤት ቁጥር ከሆነ ግን የትልቅ ቤተሰብን ፍጆታ ትጋሪያለሽ።

በትንሽ ከተማ ብዙው ቤት ማስታወቂያ ሳይወጣለት በወሬ ነው የሚያዘው። መድኃኒት ቤት፣ ሱቅ፣ የሕንፃ ጥበቃዎችን ጠይቂ። ደላላ ከያዝሽ የድለላውን ክፍያ መጠንና ማን እንደሚከፍል እግርሽን ሳታነሺ ተስማሚ። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» እያለ ቤቱን ሳታዪ ቀብድ የሚጠይቅ ካጋጠመሽ ጥለሽው ሂጂ።

ቤቱ ስትገቢ ከውሃው ጀምሪ። ባለ 10 ሊትር ባልዲ አስቀምጪና ቧንቧውን ሙሉ ክፈቺው። በ1 ደቂቃ ገደማ ከሞላ መልካም፤ 2 ደቂቃ ካለፈው ግፊቱ ደካማ ነው። ይህን ጠዋት ወይም ምሽት ላይ ሞክሪ፤ ቀን ላይ ጎረቤት ሁሉ ውጪ ስለሚውል ደካማውም መስመር ብርቱ ይመስላል። ቀጥሎ ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና ቆጣሪውን ለ10 ደቂቃ ተመልከቺ። ከዞረ የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ሂሳቡም አንቺ ላይ ነው የሚመጣው።

ግድግዳው ላይ አትቸኩዪ። ታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ተጠራጠሪ። ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ብዙ ጊዜ እስከ 1 ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ የሚሸፈነውም እዚያው ነው። በመዳፍሽ ዳሰስ አድርጊው። ነጭ፣ ዱቄት የመሰለ ነገር ከወጣ ጨው ነው፤ ውሃው ይተንና ጨዉ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ቀለም አይፈውሰውም፣ ተመልሶ ይላጣል። ኮርኒስ ላይ ጠርዙ የጠቆረ ቡናማ ክብ ካየሽ ከላይ አፍስሶ ያውቃል ማለት ነው፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ተመልሰሽ እዪው። ቁም ሳጥኑንም ከፍተሽ አሽትቺ። ሻጋታ ለሳንባሽ አይሆንም።

ምድር ላይ ያለው ቤት ለጉልበትሽ ይመቻል፣ እርጥበት ግን ይበዛበታል። ደረቅ ካገኘሽ እሱን ያዢ፤ ካጣሽ አንደኛ ፎቅ፣ የደረጃው መደገፊያ ጠንካራ ከሆነ ብቻ። ደረጃውን ውጪና ውረጂ። ከሌሎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ አንድ እርከን እንኳ ካለ እግር የሚያደናቅፈው እሱ ነው። ማታ መብራት እንዳለውም አረጋግጪ።

ውሉን ከባለቤቱ ጋር ተዋዋዪ፤ መታወቂያውንና የይዞታ ማስረጃውን እዪ። የማስያዣው መጠንና የሚመለስበት ሁኔታ፣ ኪራይ የሚጨመረው መቼና በስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሆነ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ማን እንደሚያሠራ ይጻፍ። የቀድሞው ተከራይ ዕዳ እንዳይተርፍሽ የመጨረሻውን ደረሰኝ ጠይቂ፤ በገባሽበት ቀን የቆጣሪው ንባብ ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ኪራዩን በባንክ ክፈዪ፤ በእጅ ከሆነ ደረሰኝ ተቀበዪ።

ከመፈረምሽ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። በዚያው ቀን አንብቤ እደውልልሻለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ