ስህተቱ የቢሮዎ፣ ከፋዩ ወታደሩ

ለቀድሞ ወታደሮች የአካል ጉዳት ካሳ ለሚወስነው የክልል ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፦

በእንግሊዝኛ የጻፍኩልዎት አቤቱታ እጅዎ ላይ አለ። ደጋግሜም ደውያለሁ። ከቢሮዎ ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «ይግባኝ ይበሉ»። ስለዚህ አሁን በአደባባይ እጽፋለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ወገኖቼ የሚደርስባቸውን አውቀው መብታቸውን እንዲጠይቁ ነው።

እኔ የቪኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ይግባኝ ጠበቃ ነኝ። ሌላ ሥራ የለኝም። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ቢሮዎ «አይገባህም» ካለው በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ውሳኔ በፊት ባግዘው እንኳ፣ ለዚያ ገንዘብ እንዳልቀበል ሕግ ይከለክለኛል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከደንበኞቼ አንዱ ኢራቅ ውስጥ ከባድ መኪና ሲነዳ ወገቡን ተጎድቶ የተመለሰ ሰው ነው። ማመልከቻውን ብቻውን ሞልቶ አስገባ። ውሳኔ ሲጠብቅ ቤት ቀየረ፤ አዲሱን አድራሻም በጽሑፍ አሳወቃችሁ። የሕክምና ምርመራው ቀጠሮ ግን ወደ ድሮ ቤቱ ተላከ። አልደረሰውም፤ ስለዚህ አልሄደም። ቀጥሎ የመጣለት ካሳው የተከለከለበት ውሳኔ ነው። ምክንያቱ «ለምርመራ አልቀረቡም» ይላል። ያ ደብዳቤ በትክክለኛው፣ በአዲሱ አድራሻው ነው የመጣው።

ፋይሉን አስመጥቼ ገጽ በገጽ አየሁት። አድራሻ መቀየሩን የገለጸበት ወረቀት እዚያው አለ። ቢሮዎ የተቀበለበት ቀን ማኅተም ተመቶበታል። ቀኑ የቀጠሮው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ይቀድማል። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ንዴቴን መቆጣጠር አልቻልኩም። ይህን ለማየት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም፤ ቀን ማንበብ ይበቃል።

ይግባኝ ከማለቴ በፊት ሁለቱን ወረቀቶች አያይዤ ላክሁልዎት። ግልጽ ስህተት ሲገኝ ቢሮዎ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ማረም ይችላል። ምርመራውን እንደገና መቅጠርም በእጃችሁ ነበር። ማስረጃ በማሰባሰብ የማገዝ ግዴታ ሕጉ የጣለው በእናንተ ላይ ነው። ማስረጃው እኩል ለእኩል ሲሆንም ጥርጣሬው ለወታደሩ ይፈረዳል። ማንም እነዚህን አላነሳልኝም። «ይግባኝ ይበሉ» ብቻ።

ይግባኝ አልኩም። በከፍተኛ ገምጋሚ እንዲታይ ጠየቅሁ። ገምጋሚው ስህተቱን ወዲያው አየና ፋይሉ እንዲስተካከል መለሰው። ምርመራው ተደረገ፤ ካሳውም ተፈቀደ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ሰውየው በዚያ ወገቡ ታክሲ እየነዳ የቤት ኪራይ ይከፍል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፈቃድ ደብዳቤው ውዝፉን፣ ማለትም ሳይከፈል የተጠራቀመውን ካሳ፣ ይዘረዝርና 20 በመቶው ለጠበቃ ተቀናሽ መሆኑን ይናገራል። ደንበኛዬ ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ «ያጠፉት እነሱ፣ የምከፍለው እኔ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ልክ ነዋ።

ያን ገንዘብ ተውኩለት። ለሁሉም ብተው ግን ቢሮዬን መዝጋት አለብኝ፤ ያኔ ቀጣዩ ሰው ማንም አይቆምለትም። ሌላም ነገር አለ። ክፍያዬ ከውዝፉ ላይ ስለሚታሰብ፣ እናንተ በዘገያችሁ ቁጥር የእኔ ድርሻ ያድጋል። በእናንተ መዘግየት መጠቀም አልፈልግም። ይህን የሚል ጠበቃ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ጉዳዩ ዋሽንግተን ወዳለው የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ ወታደሩ ቢረታ፣ መንግሥትም ለአቋሙ በቂ ምክንያት ባይኖረው፣ የጠበቃውን ወጪ መንግሥት ይሸፍናል። በእናንተ ደረጃ ለሚታረም ስህተት ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቀላሉ ስህተት በወታደሩ ኪስ ይታረማል።

የሕጉን ታሪክ ልብ ይበሉ። ከ1864 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ጠበቃ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ከ10 ዶላር በላይ መቀበል አይችልም ነበር። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ገደብ ሲያጸና፣ አሠራሩ ቀላል ነው፣ መሥሪያ ቤቱም የወታደሩ ባላጋራ አይደለም፣ ጠበቃ ብዙም አያስፈልግም በሚል ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) በ1988 (እ.ኤ.አ.) ከላይ ያነሳሁትን የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት አቋቁሞ ገደቡን አላላ። ባላጋራ አይደለንም የሚለው ቃል ግን ዛሬም የእናንተ ነው። ባላጋራ ያልሆነ ሰው፣ የተላከለትን ወረቀት አንብቦ «ተሳስቻለሁ፣ አርሜዋለሁ» ይላል።

ስለ ደንበኛዬ ብቻ አይደለም የምከራከረው። እሱ እኔን አገኘ። ውሳኔው ደርሶት ተስፋ ቆርጦ የተቀመጠው ሰውስ? ውሳኔውን ለመቃወም ያለው አንድ ዓመት ካለፈው፣ ወደፊት ቢፈቀድለት እንኳ ካሳው ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ላይቆጠርለት ይችላል። የዓመታት ገንዘብ ነው የሚቀርበት። ሕጉም ደብዳቤያችሁ በትክክል ተልኳል ብሎ ይገምታል፤ አልደረሰኝም የሚለው ሰው ማስረጃ አምጣ ይባላል። ማስረጃው ያለው ደግሞ እናንተ ዘንድ፣ በፋይሉ ውስጥ ነው።

የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። «ለምርመራ አልቀረበም» ተብሎ ካሳ ከመከልከሉ በፊት፣ የቀጠሮው ደብዳቤ የሄደበት አድራሻ ፋይሉ ውስጥ ካለው የመጨረሻ አድራሻ ጋር ይመሳከር። ስህተቱ የቢሮው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ሲቀርብም፣ ሰውን ወደ ይግባኝ ሳትገፉ እዚያው አርሙት። ለሁለቱም አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የእርስዎ ትእዛዝ ይበቃል። ያንን ትእዛዝ ይሰጡ እንደሆነና እንዳልሆነ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።