ሽልማቱን ተዉትና ስንት ጨዋታ እንዳለው ንገሩን

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ጌም ውድድሮችም መጻፍ መጀመራችሁ ደስ ብሎኛል። ገርጂ ውስጥ ትንሽ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ፤ አራት ቴሌቪዥንና አሥራ ስድስት ጆይስቲክ። በሰፈሩ ወላጆች ዘንድ ልጅ አበላሺ መባሌን አውቃለሁ። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ውድድር ሲዘጋጅ ፖስተሩ ላይ ሽልማቱ በትልቁ ይጻፋል። ጨዋታው በምን መልክ እንደሚካሄድ የሚናገር ግን የለም። ልጆቹ የሚያውቁት ከፍለው ከገቡ በኋላ ነው።

ይህን የምለው ራሴም ስላጠፋሁ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ፊፋ በሚባለው የእግር ኳስ ጌም የሁለት ለሁለት ውድድር አዘጋጀሁ። 16 ቡድን፣ ጥሎ ማለፍ፣ ግልግል። ሁለት ልጆች ከደብረ ብርሃን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው በሚኒባስ መጡ። መጀመሪያ የተጠሩት እነሱ ነበሩ። የአንደኛው ጆይስቲክ ሳይነኩት ወደ ግራ ይጎትታል። ልጁ ነገረኝ። እኔ ደግሞ "ምክንያት አታብዛ" አልኩት። 2 ለ 1 ተሸነፉ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

አልሄዱም። ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። አንዱ ከፌስታል ዳቦ አውጥቶ ለጓደኛው ቆረሰለት። እስከ ፍጻሜው ድረስ የሌሎችን ጨዋታ ሲያዩ ዋሉ። ማታ ቤቱን ስዘጋ ያንን ጆይስቲክ ሞከርኩት። አጥቂዬ ማንም ሳያዘው ወደ ግራ እየሮጠ መስመሩ ላይ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ይዤ ቁጭ አልኩ። 16 ቡድን በጥሎ ማለፍ 15 ጨዋታ ነው። ግማሾቹ አንዴ ተጫውተው ይሰናበታሉ። አራት ምድብ አድርገን ከየምድቡ ሁለት ብናሳልፍስ? የምድቡ 24፣ ከሩብ ፍጻሜ እስከ ዋንጫው 7፣ በድምሩ 31። ማንም ከ3 ጨዋታ በታች አይጫወትም። አንዱ ጨዋታ ሩብ ሰዓት ከፈጀ፣ በአራት ቴሌቪዥን ምድቡ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው። "ጊዜ የለም" የሚሉ አዘጋጆች ይህንን ሒሳብ አንዴ ቢሠሩት ጥሩ ነው።

ምድብም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ አቻ ከወጡ ሁለቱም የሚያልፉ ጓደኛሞች ተገናኙ። ኳሷን ከበረኛ ወደ ተከላካይ፣ ከተከላካይ ወደ በረኛ። ሦስተኛው ቡድን ከኋላቸው ቆሞ ይሳደባል። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ አልጄሪያን ያስቀሩበትን ጨዋታ የሚያስታውስ ይገባዋል። ፊፋ (ጌሙን ሳይሆን ድርጅቱን ነው የምለው) ከዚያ ወዲህ የአንድ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎችን በተመሳሳይ ሰዓት ያስጀምራል። እኔም አሁን እንደዚያው ነኝ።

ሌላው አሠራር፣ አንዴ የተሸነፈ ወደ ተሸናፊዎች መስመር ወርዶ ሁለተኛ ሲሸነፍ ብቻ የሚወጣበት ነው። ለ16 ቡድን 30 ጨዋታ ይፈጃል፤ ከታች የመጣው በፍጻሜው ካሸነፈ ደግሞ 31። ስትሪት ፋይተር የሚባለውን የድብድብ ጌም የሚጫወቱ ሰዎች የሚወዱት ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቮ በሚባለው ትልቅ የድብድብ ጌሞች ውድድር ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ ጉልበቱ ሊያልቅ አንዲት ጭረት ሲቀረው የጀስቲን ዎንግን ምት በሙሉ መክቶ ያሸነፈበትን ቪዲዮ ቤቴ የማያውቀው የለም። ያ ጨዋታ የተሸናፊዎች መስመር ፍጻሜ ነበር። ሁለቱም ቀድመው አንድ አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል። በእኔ የድሮ አሠራር ቢሆን ሁለቱም አግዳሚው ላይ ነበሩ።

ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን አምስት ለአምስት የሚካሄድ የተኩስ ጌም የሚጫወቱት ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ስዊስ የሚባለውን አሠራር ይመርጣሉ። ከቼዝ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራበት እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ ነው። ያሸነፈ ካሸነፈ፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ይገናኛል። ሦስት ያሸነፈ ያልፋል፤ ሦስት የተሸነፈ ይወጣል። ከሥራ ፈቃድ ወስደው የሚመጡ አምስት ልጆች ቢያንስ 3 ጨዋታ፣ ያውም ከአቻዎቻቸው ጋር፣ እንደሚያገኙ አውቀው ይመጣሉ።

በቅርቡ የእኔ ደንበኞች የሄዱበት አንድ ውድድር ጠዋት "ምድብ ነው" ተብሎ ተጀመረ። ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋና "ጥሎ ማለፍ ሆኗል" ተባለ። ሻይ ሊጠጡ የወጡትን በፎርፌ አስወጧቸው። የምዝገባውን ገንዘብ የመለሰ የለም።

ስለዚህ የምትጽፉ ሰዎች፣ አዘጋጆቹን ስታነጋግሩ ስለ ዋንጫው ብቻ አትጠይቁልን። አንድ ቡድን ቢያንስ ስንቴ ይጫወታል? መብራት ቢጠፋ ጨዋታው ከየት ይቀጥላል? ጆይስቲክ ቢበላሽ ለማን ነው የሚነገረው?

የደብረ ብርሃኖቹ ልጆች ሰሞኑን ደውለውልኝ ነበር። ስለ ሽልማቱ አልጠየቁም። "ጋሼ፣ ስንት ጨዋታ አለው?" አሉኝ። ሦስት አልኳቸው። የራሳቸውን ጆይስቲክ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል።

የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት
ከገርጂ፣ አዲስ አበባ