ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ልጆቻችሁ ደንበኛ ሊያነጋግሩ ነው

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዚህ ሳምንት ልጃችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መጥቶ "ሥራችሁ ላይ በጣም የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?" ብሎ ቢጠይቃችሁ አትገረሙ። የቤት ሥራው ነው።

በአጠቃላይ ሳይንስ ትምህርት አዲስ ፕሮጀክት ጀምረናል። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው የአንድን ሰው ችግር እንደ መሐንዲስ ያጠናሉ። ያንን ሰው ደንበኛ እንለዋለን። መፍትሔውን የሚፈልጉት ከተፈጥሮ ነው፤ ዕፅዋትና እንስሳት ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ እያዩ። እኔ ከሁሉም በላይ የምጓጓለት ግን ከመፍትሔው በፊት ያለው ሥራ ነው። የደንበኛውን ችግር በትክክል መረዳት ማለቴ ነው።

የአንዱ ቡድን ደንበኛ በሰፈራችን ጉልት አትክልት የሚሸጡ እናት ናቸው። ልጆቹ ገና ሳያነጋግሯቸው "ፍሪጅ ያስፈልጋቸዋል" ብለው ወሰኑ። መምህራቸው "መጀመሪያ ሄዳችሁ ጠይቋቸው" አሏቸው። ሲጠይቁ ሌላ ነገር ሰሙ። ቦታው ላይ መብራት የለም። ማታ ማታ ዕቃው ሁሉ በሸክም ነው የሚገባው። ድንችና ሽንኩርቱ ደህና ነው፤ የሚያከስራቸው ጎመንና ሰላጣው ነው። እሱም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲዞርባቸው ነው የሚጠወልገው።

ከዚያ ቡድኑ ችግሩን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ለእኚህ ነጋዴ፣ ቅጠላ ቅጠሉ ከቀትር እስከ ማታ ሳይጠወልግ መቆየት አለበት፤ ያለ መብራት፣ በትንሽ ወጪ፣ አንድ ሰው ሊሸከመው በሚችል ነገር።" ይህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የማን ችግር እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመጣና ምን ገደብ እንዳለበት ሁሉ ተጽፏል። ፍሪጅ የሚለው ቃል ግን ወጥቷል።

ተፈጥሮን የሚጠይቁት ከዚህ በኋላ ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ውኃውን የማያጣው ማነው? እሬት ወፍራም ቅጠል አለው፤ ላዩም ሰም በመሰለ ነገር ተሸፍኗል። የእኛስ ሰውነት ሲሞቀው ምን ያደርጋል? ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ልጆቹ አሁን ከዚህ ተነስተው በእርጥብ ጆንያና በጥላ እየሞከሩ ነው።

በጃፓንም የሆነው ተመሳሳይ ነው። ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣን ባቡር ዋሻ ውስጥ ሲያልፍ በዋሻው መውጫ በኩል እንደ ፍንዳታ ያለ ድምፅ እየተሰማ የአካባቢውን ነዋሪ ያስቸግር ነበር። መንስኤው ባቡሩ ጠባቡ ዋሻ ውስጥ በፍጥነት ሲገባ ከፊቱ የሚገፋውና የሚታመቀው አየር ነው። ኤጂ ናካትሱ የተባሉት መሐንዲስ ወፎችን መመልከት ይወዱ ነበር። ኪንግፊሸር የሚባለው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከአየር ወደ ውኃ ሲወረወር ብዙም ውኃ አይረጭም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ የጀመረው 500 የሚባለው ባቡር አፍንጫው የዚያን ወፍ መንቆር ይመስላል። (የዚህ ወፍ ዘመዶች ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሉ። ለጉብኝት ከሄዳችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩዋቸው።) በአገራችንም ዶርዜ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ዋርካ የተባለ የቀርከሃ ማማ ቆሞ ነበር፤ ከጉም፣ ከጤዛና ከዝናብ ውኃ እንዲሰበስብ የተሠራ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ነገር የፈተና ዝግጅቱን እንዳይሻማ መስጋታችሁ ይገባኛል። ፕሮጀክቱ የሚሠራው በመደበኛው የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ውጤቱም ከተከታታይ ምዘናው ጋር ይያዛል።

ከእናንተ የምንፈልገው ትንሽ ነው። ልጃችሁ ሲጠይቃችሁ ጊዜ ወስዳችሁ መልሱለት። መፍትሔውን ግን አትንገሩት፤ እባካችሁ፣ በዚህ ጠበቅ በሉ። ዕቃ አትግዙ፤ ካርቶን፣ ያገለገለ ፕላስቲክና ጆንያ ይበቃል። ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ልብስ ስፌት ወይም ሌላ ሥራ ያላችሁ ወላጆች ደንበኛ ለመሆን ፈቃደኛ ከሆናችሁ ለክፍል ኃላፊው ንገሩልን። ገና ደንበኛ ያላገኙ ቡድኖች አሉ።

በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹን ወደ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል እንወስዳቸዋለን። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ ድረስ መልሱልን። ልጆቹ ደብተር፣ ውኃና ምሳቃ ይዘው ይምጡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር