ጠፍቼ ምን ስሠራ እንደከረምኩ

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ሰውዬው ውሃ በላው እንዴ እያልክ ሳታማኝ አልቀረህም። አንተም ብትሆን አልደወልክም፣ ስለዚህ ተቻችለናል፤ ወቀሳውን እንዝለለው። ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራውም ያው እንደምታውቀው ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ለሸክላ ማጫወቻዬ ፕሪአምፕ፣ ማለትም የመርፌውን ደካማ ድምፅ ለአምፕሊፋየሩ የሚያዘጋጅ ማጉያ፣ በእጄ ሠራሁ። ይሠራልም! ይህን ወሬ ሳያዛጋ የሚሰማኝ ካንተ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ቻለው።

"ተሠርቶ ይሸጥ የለ፣ ምን አደከመህ?" እንደምትል አውቃለሁ። ይሸጣል፣ ጥሩ ጥሩም አለ። ግን የተዘጋ ሳጥን ነው። ውስጡ ምን እየተደረገ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ ሲሄድ መርፌው ከተሰካበት ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ማግኔት ያንቀጠቅጣታል፣ እሷም አጠገቧ ባለው ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ትፈጥራለች። ስንት? 5 ሚሊቮልት ቢሆን ነው። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ካላገኘ ወግ ያለው ድምፅ አይሰጥህም። ስለዚህ 100 ጊዜ ያህል ማጉላት ያስፈልጋል። ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

ግን ሸክላው ላይ ያለው ድምፅ ሆን ተብሎ የተዛባ ነው። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ ወዲያና ወዲህ በሰፊው እየተወዛወዘ ቦታ ይጨርሳል፣ መርፌውም ተከትሎት መሄድ ያቅተዋል። ስለዚህ ሲቀረጽ ቤዙን ይቀንሱታል። ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ ከፍ ያደርጉታል፤ ስትሰማው መልሰህ ዝቅ ስታደርገው፣ ሽሽሽ የሚለው የሸክላው የራሱ ድምፅ አብሮ ዝቅ ይልልሃል። ብልጦች ናቸው። ድሮ አሳታሚዎቹ በየፊናቸው የየራሳቸውን ልክ ይጠቀሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካው የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር አር አይ ኤ ኤ አንድ ልክ አወጣና እስከ ዛሬ የምንሠራበት እሱ ነው። የፕሪአምፑ ሥራ ያንን መገልበጥ ነው። 1 ሺህ ኸርዝን (በሰከንድ 1 ሺህ ንዝረት) መነሻ ካደረግን፣ 20 ኸርዝ ላይ 19 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይጨምራል፣ 20 ሺህ ኸርዝ ላይ ደግሞ 20 ያህል ይቀንሳል። ለሸክላ ባልተሠራ መግቢያ ላይ ሰክተህ ብትሞክረው ድምፁ ሲጢጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ሰርኪዩቱ እንደምትፈራው አይደለም። ኤን ኢ 5532 የሚባል ስምንት እግር ያለው አሮጌ ቺፕ አለ፤ ውስጡ ሁለት አምፕሊፋየር ስላለ ለግራና ለቀኝ አንዱ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ወገን፣ ከቺፑ መውጫ ወደ ቺፑ የመቀነስ (−) መግቢያ በሚመለሰው መስመር ላይ ሁለት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ፣ በኦም የሚለካ) እና ሁለት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፣ በፋራድ የሚለካ) ታስገባለህ፣ ማስተካከያው በቃ እሱ ነው። ሁለቱ ካፓሲተሮች 36 እና 10 ናኖፋራድ ናቸው፤ ከ36ቱ ጋር ጎን ለጎን 88.3 ኪሎ ኦም፣ ከ10ሩ ጋር ደግሞ 7.5 ኪሎ ኦም፤ ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች በተከታታይ ታያይዛቸዋለህ። 88.3 የሚል ሬዚስተር ፈልገህ እንዳትደክም፤ 82 እና 6.2 ብትቀጥላቸው ለጥቂት ነው የሚለዩት። 36ቱም 33 እና 3 ጎን ለጎን ሆነው ይመጣሉ። ከዚያው የመቀነስ መግቢያ ወደ ግራውንድ (የሽቦዎቹ ሁሉ የጋራ ዜሮ ነጥብ) የሚወርደው ሬዚስተር 100 ኦም ይሁን፣ ከሱ ጋር በተከታታይ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፤ ያኔ 1 ሺህ ኸርዝ ላይ ወደ 100 እጥፍ ይሰጥሃል። የማጫወቻው ኬብል የሚገባበት ላይ 47 ኪሎ ኦም፣ እሱ የተለመደ ነው። ለማስተካከያው ርካሾቹን የሴራሚክ ካፓሲተሮች አትጠቀም። በሙቀትም በቮልቴጅም ልካቸው ይለዋወጣል፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ በጣትህ መታ ስታደርጋቸው ድምፅ ያወጣሉ። ፊልም የሚባሉትን ውሰድና በቴስተር እየለካህ የግራውንና የቀኙን አመሳስል። ብየዳውን ላንተ አልነግርህም፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የዚህ ሥራ ፈተናው ሰርኪዩቱ ሳይሆን እምምም የሚለው ድምፅ ነው። መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን ሲያሳዩህ ይሄን በአንድ መስመር ያልፉታል፣ እኔ ግን ከጊዜዬ አብዛኛውን የበላው እሱ ነው። ለምን መሰለህ? መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ያ ማስተካከያ ደግሞ 50 ኸርዝን ከ1 ሺህ ኸርዝ ይልቅ 7 እጥፍ ያህል ያጎላዋል። 100 ጊዜ 7፣ 700! ከግድግዳው ሽቦ ሾልኮ የገባ 10 ማይክሮቮልት ሲወጣ 7 ሚሊቮልት ሆኖ ነው የሚወጣው። መርፌው ራሱ ሳይጎላ ከሚሰጥህ 5 ሚሊቮልት ይበልጣል ማለት ነው። ቤዙን መልሶ የሚያመጣልህ ያው ማስተካከያ ነው እምምምታውንም በክብር ተቀብሎ የሚያስገባው፤ አንዱን ትተህ ሌላውን መውሰድ አትችልም። ስለዚህ ያለህ ምርጫ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ በሩ ላይ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ድምፁን ለየው። ለስለስ ያለ ዝቅተኛ እምምም ከሆነ 50 ኸርዝ ነው፤ ወይ ከትራንስፎርመሩ ማግኔት፣ ወይ ከግራውንድ ዙር (ግራውንዱ በሁለት መንገድ ተያይዞ ክብ ሲፈጥር) የመጣ ነው። ሻከር ብሎ ዝዝዝ የሚል ከሆነ ደግሞ 100 ኸርዝና ከዚያ በላይ ነው፣ ፓወር ሰፕላይህን ጠርጥር። ቀጥሎ የማጫወቻውን ኬብል ንቀልና መግቢያውን ከግራውንድ ጋር አገናኘው። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ከውጭ ነው፣ ካልጠፋ ጠላትህ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል።

የኔው ውስጥ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ፣ ከኤሌክትሪኩ መስመር እጄን አርቄ፣ ትራንስፎርመሩን በደረቅ እንጨት ቀስ አድርጌ ገፋሁት። ብታይ አትረሳውም። በትንሹ ዞር ሲል ድምፁ ይወርዳል፣ ትንሽ ሲጨምር እንደገና ይወጣል፤ ልክ ሬዲዮ ጣቢያ እንደመፈለግ። ዝም የሚልበትን ቦታ አገኘሁና እዚያው ላስረው ካልኩ በኋላ፣ ለምን እለማመጠዋለሁ ብዬ ጭራሽ ሌላ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። አሁን በአንድ ሜትር ገመድ ርቆ ነው ያለው። ተገላገልኩ።

የቀረው የግራውንዱ ጉዳይ ነው። ሁሉም የግራውንድ ሽቦ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኝ፣ ሳጥኑም ብረት ይሁንና ከዚያ ነጥብ ጋር በአንድ ቦታ ብቻ ይያያዝ። የመግቢያ ሶኬቶቹ የሳጥኑን ብረት እንዳይነኩ በፕላስቲክ ቀለበት ለያቸው። ከማጫወቻው የምትመጣዋ ቀጭን ብቸኛ ሽቦ ደግሞ መርፌውን የሚይዘው ክንድ ግራውንድ ናት፣ ለሷም ብሎን አዘጋጅላት። ታዲያ አንድ ነገር ልለምንህ፤ እምምምታው አልጠፋ ብሎህ ብትናደድ እንኳ ከግድግዳው የሚመጣውን የመሬት ሽቦ እንዳትነቅል። አንዳንዱ "ንቀለውና ዝም ይላል" ብሎ ይመክርሃል። ዝም ይል ይሆናል፣ ግን የምትነቅለው ነፍስህን ነው።

ድምፁስ ካልከኝ፣ ጆሮ ስፒከሩ ላይ ካላስጠጋህ በቀር ፕሪአምፑ እየሠራ መሆኑን ረስተኸዋል። ቤዙ ሙሉ ነው፣ አይጎረብጥም። ውድ ከሆነው ይበልጣል እያልኩ አልዋሽህም፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ አልሰማሁትም። ግን ያረጁት ሸክላዎች ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው፣ ይሄ ደስ ይበለኝ አይበለኝ ገና አልወሰንኩም።

አሁን ተራው ያንተ ነው። ያ ማጫወቻህ አሁንም ጨርቅ ለብሶ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል አይደል? አውርደውና መርፌው የተሰካበት ካርትሪጅ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥር ጻፍልኝ። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ከሆነ ሥዕሉን ከነቁጥሮቹ እልክልሃለሁ፤ ሬዚስተሮችም ተርፈውኛል፣ አብሬ አደርጋቸዋለሁ። ጥቅል ሽቦው የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ከሆነ ግን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 0.5 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ ሌላ 10 እጥፍ ማጉያ ከፊቱ ያስፈልገዋል፣ ያንን ደግሞ ቁጭ ብለን አብረን እንሠራዋለን። ለማንኛውም መጀመሪያ ጻፍልኝ፣ ደግሞ እንዳትጠፋ።

ለቤተሰብ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ያው ወንድምህ