ተሳቢ ለምትከራዩ አባላት

ውድ አባላት፣

ዕቃ ለማጓጓዝ ተሳቢ ልትከራዩ ካሰባችሁ፣ ከኪራዩ ዋጋ በፊት የመኪናችሁን የመጎተት አቅም ተመልከቱ። የተሳቢው የራሱ ክብደትና ጭነቱ ተደምረው ከዚያ መብለጥ የለባቸውም፤ ብዙ ሰው ጭነቱን ብቻ አስልቶ ይሳሳታል።

ስትረከቡ ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ። ብዙ ጊዜ የቆመ ተሳቢ የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጠቃል። የተሳቢው ማያያዣ ከመኪናው ኋላ ባለው የመጎተቻ ኳስ ላይ በልኩ መግጠሙንና መቆለፉን አረጋግጡ። የደህንነት ሰንሰለቶቹን ከሥር አመሳቅላችሁ እሰሩ፤ ማያያዣው ቢፈታ የተሳቢው አፍንጫ አስፋልት ላይ እንዳይወድቅ ይይዙታል። የፍሬን መብራቱንና ፍሬቻውን ሰው ከኋላ ቆሞ ይይላችሁ።

ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁ ስለ አጫጫን ነው። ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከተሳቢው ጎማዎች ፊት ይሁን። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ ፍሬን በኃይል አትርገጡ፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ፣ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። ሰው ተሳቢው ላይ በፍጹም አይሳፈር።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ጭነቱ የታሰረበትን ገመድ እንደገና አጥብቁት።