ደሙ ከደም ባንኩ በር ከወጣ በኋላስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየዓመቱ ሰኔ 7 የደም ለጋሾች ቀን ሲከበር ጋዜጦቻችን የሚያወጡት ዜና ተመሳሳይ ነው። ይህን ያህል ከረጢት ደም ተሰበሰበ፣ እገሌ ለሠላሳኛ ጊዜ ለገሰ። ደግ ነው፤ ለጋሽ መመስገን አለበት። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ግን ያ ከረጢት ሆስፒታል ከገባ በኋላ ስለሚገጥመው ነው። ደም ተመርምሮ በሚሰጥባቸው የላቦራቶሪና የሕሙማን ክፍሎች የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ስለ ደም ደኅንነት ሲነሳ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ደሙ በሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ነው። ሕመምተኛ ላይ አደጋ የሚያደርሰው ስህተት ግን በአመዛኙ የሚፈጸመው በሆስፒታሉ ፍሪጅና በአልጋው መካከል ነው፤ ተቆጣጣሪም እዚያ ብዙ አይታይም።

በመሰብሰቢያው በኩል ሁሉ ነገር የተሟላ ነው ማለታችን አይደለም። ቢሆንም መስመሩ የታወቀ ነው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1969 በቀይ መስቀል ማኅበር ተጀምሮ በ2012 ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ ከዚያ ወዲህም ከዘመድ ምትክ ደም ወደ በጎ ፈቃድ ልገሳ ብዙ ርቀት ተሄዷል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊለግስ ይችላል። የተቀዳው ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይመረመራል። ምርመራው ራሱ የማያይበት ጊዜ እንዳለ ግን መታወቅ አለበት። ኤችአይቪ በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ እስኪታይ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ሁለት ወር የሚያልፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በዚያ መሃል የሚጠብቀን ለጋሹ መጠይቁ ላይ የሚሰጠው እውነተኛ መልስ ብቻ ነው። ገንዘብ የተከፈለው ወይም ዘመድ ያስጨነቀው ሰው እውነቱን የሚናገርበት ምክንያት የለውም። በሆስፒታል በር ደም የሚያሻሽጥ ደላላ በዝምታ ሊታለፍ የማይገባውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ እንግባ፤ ከፍሪጁ እንጀምር። ሙሉ ደምም ሆነ ተለይቶ የወጣ ቀይ የደም ሴል የሚቀመጠው ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይህ ከተጠበቀ ሲፒዲኤ-1 በተባለው ፀረ መርጊያ ፈሳሽ የተያዘ ደም 35 ቀን ይቆያል። ለደም ተብሎ የተሠራ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ከላይ እስከ ታች እኩል የሚያዳርስ ማራገቢያ፣ ከልኩ ሲወጣ የሚጮህ ማንቂያና ሙቀቱን ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ አለው። ተራ የቤት ፍሪጅ እነዚህ የሉትም። በሩ አጠገብ ያለው ከረጢት ሲሞቅ፣ ከበረዶ ቤቱ ሥር የተጠጋው በረዶ ይሠራል። በረዶ የሠራ ቀይ ሴል ይፈነዳል። ሲቀልጥ ከረጢቱ ከውጭ ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ውስጡ ግን ከሴሎቹ የወጣ ሄሞግሎቢንና ፖታሲየም አለ፣ አንዱ ኩላሊትን ሌላው ልብን የሚጎዳ። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ደሙ ሲቀዳ ከክንድ ቆዳ ጋር የገባ ጥቂት ባክቴሪያ መራባት ይጀምራል።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ስህተት ደሙ እንዴት እንደሆነ ለማየት በሩን መክፈት ነው። ዝግ ሆኖ ሙቀቱ ከውጭ ይነበብ፤ ወደ 6 ዲግሪ ከተጠጋ ከረጢቶቹ በረዶ ወደተያዘበት ኮልድ ቦክስ ይዛወሩ፤ በረዶውና ከረጢቱ እንዳይነካኩም መሃላቸው ካርቶን ይግባ። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር የሚያበራው መስመር የደም ፍሪጁን እንደሚጨምር አስቀድሞ መፈተሽ አለበት፤ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በርቶ ላቦራቶሪው ጨለማ ቢሆን ደሙን የሚያድነው የለም። ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ከሌለ ሙቀቱ ሌሊትና እሑድን ጨምሮ በየ4 ሰዓቱ በእጅ ይጻፋል። ወሩን ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ 4፣ 4፣ 4 ተብሎ የተሞላ ወረቀት የሚመሰክረው ቴርሞሜትሩን ያየ ሰው እንዳልነበረ ብቻ ነው። የቴርሞሜትሩ ጫፍም አየር ላይ መንጠልጠል የለበትም። እንደ ከረጢቱ ቀስ ብሎ የሚሞቅ ፈሳሽ ውስጥ ይነከር፤ አለዚያ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚያሳየው የክፍሉን ሙቀት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ይብሳል። በአንድ የወንዶች ክፍል ሁለት ተስፋዬ አበበ ቢተኙ የሚገርም ነገር አይደለም፤ የአያት ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ፀሐይ የሚለው ስም በአማርኛ ብቻ በሦስትና በአራት ዓይነት ፊደል ይጻፋል፤ የእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ሲገባ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። የተወለደበትን ቀን በትክክል የማያውቅ ሕመምተኛ ብዙ ነው። ጨቅላ ሕፃን “የእገሊት ልጅ” ተብሎ ይመዘገባል፤ መንታ ከሆኑስ? ስለዚህ ስም ብቻውን መለያ ሊሆን አይችልም። የካርድ ቁጥሩ በናሙናው ቱቦ፣ በመጠየቂያ ቅጹ፣ በሕመምተኛው የእጅ አንጓ መለያና በከረጢቱ ላይ አንድ መሆን አለበት።

ናሙና የሚወስደው ሰው “አቶ ተስፋዬ ነዎት?” ብሎ ከጠየቀ፣ የደከመ ሕመምተኛ ለሁሉም ጥያቄ ራሱን ይነቀንቃል። “ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ” ማለት ያስፈልጋል። ቱቦው ላይ የሚጻፈውም ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ አልጋው አጠገብ፣ በቀዳው ሰው እጅ ነው። ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ ስም የተጻፈባቸው ቱቦዎች በአንድ ትሪ ይዞ መዞር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ሁለት ቱቦ ተቀያየረ ማለት ግን ኤ የሆነው ሰው ቢ ደም ይሰጠዋል ማለት ነው። ያልተስማማ ደም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ገብቶም ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ላቦራቶሪው አንድ አኃዝ እንኳ ያልተስማማለትን ናሙና መመለስ አለበት፤ “በስልክ አስተካክሉልኝ” የሚባል ነገር የለም። ቀደም ሲል የደም ዓይነቱ ያልተመዘገበ ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ በሌላ ሰዓት ሁለተኛ ናሙና ተወስዶ እስኪመሳከር ድረስ የራሱን ዓይነት ደም መስጠት አይመከርም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሾት በተባለው ሥርዓቷ ደም ከመስጠት ጋር የተያያዙ ጉዳቶችን ትመዘግባለች። እዚያም ሪፖርቱን በብዛት የሚይዘው የሰው ስህተት ነው። እነሱ በኮምፒውተር መለያ ታግዘው ይህ ከሆነባቸው፣ በእጅ ጽሑፍ የምንሠራው እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ክሮስማች ነው፤ የለጋሹ ደም ከሕመምተኛው ደም ጋር መስማማቱ የሚፈተሽበት ምርመራ። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው፦ በክፍሉ ሙቀት ቀላቅሎ ወዲያው በሴንትሪፊውጅ ማሽከርከር፣ በ37 ዲግሪ ማቆየት፣ በመጨረሻም ሴሉን አጥቦ የኩምስ ሬጀንት፣ ማለትም ሴሉ ላይ የተለጠፈ ፀረ እንግዳ አካልን የሚያሳይ የምርመራ ፈሳሽ መጨመር። የመጀመሪያው ደረጃ በዋናነት የሚይዘው የኤ፣ የቢና የኦ አለመስማማትን ነው። ደጋግማ የወለደች ወይም ከዚህ በፊት ደም የወሰደች ሴት በሰውነቷ ያፈራችው ፀረ እንግዳ አካል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በሦስተኛው ላይ ነው። ሬጀንቱ ሲያልቅ፣ ወይም ሌሊት ተረኛው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ቀሪዎቹ ሁለት ደረጃዎች ይዘለሉና “ተስማሚ” ተብሎ ይጻፋል። እናቲቱ ደሙን ወስዳ፣ አገግማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከአምስት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ዓይኗ ቢጫ ይሆናል፣ ደሟ ተመልሶ ያንሳል። ያን ጊዜ ከወሰደችው ደም ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም።

ሦስቱም ደረጃ ተሠርቶ እንኳ የሚያሳስት ነገር አለ። ሴሉ በሳላይን (በጨው ውሃ) በደንብ ካልታጠበ የቀረው ፕሮቲን የኩምስ ሬጀንቱን ያመክነዋል፤ ውጤቱም ኔጌቲቭ፣ ማለትም ደሙ የተስማማ ይመስላል። ለዚህ ነው ኔጌቲቭ በሆነ ቱቦ ሁሉ ላይ ሬጀንቱ ከሠራ መጓጎል ያለበት የመቆጣጠሪያ ሴል ጠብታ የሚጨመረው፤ ያኔም ካልተጓጎለ ምርመራው እንዳልተሠራ ይቆጠርና እንደገና ይጀመራል። ባለፉት ሦስት ወራት ያረገዘ ወይም ደም የወሰደ ሕመምተኛ ናሙና ከሦስት ቀን በላይ ካለፈው አያገለግልም፤ በዚያ መሃል አዲስ ፀረ እንግዳ አካል ሊፈጠር ይችላልና። ደም እየፈሰሳት ላለች እናት አጭሩን መንገድ መሄድ ያስገድዳል፤ ይህንን አንክድም። ያም ቢሆን ሐኪሙ ፈርሞ፣ ከረጢቱ ላይ ክሮስማቹ እንዳልተጠናቀቀ ተጽፎ፣ ቀሪው ምርመራ ደሙ እየተሰጠ ይጠናቀቃል።

ከላቦራቶሪ እስከ ዋርድ ያለው መንገድ ብዙም አይታሰብበትም። ደሙን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ነው፣ በፌስታል ይዞ። ነርሷ ሌላ ሕመምተኛ ይዛ ከሆነ ከረጢቱ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ከፍሪጅ ወጥቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያልተጀመረ ደም ለሌላ ሰው እንዲሆን ተብሎ ወደ ፍሪጁ መመለስ የለበትም። ከዚያ ደግሞ “ብርድ እንዳይመታው” ተብሎ በሙቅ ውሃ የሚነከርበት፣ ወይም ብብት ውስጥ የሚታቀፍበት ልማድ አለ። ሙቅ ውሃ ሴሉን ያፈነዳዋል። በዝግታ ለሚሰጥ አንድ ከረጢት ማሞቅ ጭራሽ አያስፈልግም፤ በብዛትና በፍጥነት ሲሰጥ ግን ለዚሁ የተሠራ ማሞቂያ አለ። በደሙ መስመር ከኖርማል ሳላይን በቀር ሌላ ፈሳሽ አይገባም። 5 ፐርሰንት ግሉኮስ ሴሉን ይሰብረዋል፤ ሪንገር ላክቴት ካልሲየም ስላለበት ደሙን ያረጋዋል።

አልጋው ዘንድ ሁለት ባለሙያዎች ስሙን፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የደም ዓይነቱን፣ የከረጢቱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን እየተናበቡ ያመሳክራሉ። ትኩሳት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ተለክቶ ይጀመራል፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች በዝግታ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ። ከዚያ እንደገና ይለካል፤ ደሙም ከተጀመረ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት። ብርድ ብርድ ካለው፣ ወገቡን ካመመው፣ ሽንቱ ከቀላ ወዲያው ይቆማል። ሃይድሮኮርቲሶን የተባለውን መድኃኒት ወግቶ መቀጠል ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ያልተስማማ ደምን ተስማሚ አያደርግም። የደም መስጫው ቱቦ ተቀይሮ በሳላይን መስመሩ ክፍት ይቆያል፤ ከረጢቱ ከነቱቦው፣ አዲስ የደም ናሙናና የመጀመሪያው ሽንት ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳሉ። ከረጢቱ ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ ምን እንደተፈጠረ የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም።

ስለ ብክነትም እናንሳ። ለኦፕራሲዮን ተብሎ አራት ከረጢት ይጠየቃል፣ ክሮስማች ተሠርቶ በሕመምተኛው ስም ይያዛል፣ ቀዶ ሕክምናው ይራዘማል፤ ደሙም ለማንም ሳይሆን ቀኑ ያልፍበታል። ክሮስማች የተሠራላቸው ከረጢቶች በእርግጥ ለሕመምተኛ ከተሰጡት ከሁለት እጥፍ በላይ ከሆኑ ያ ሆስፒታል አለቅጥ እየጠየቀ ነው።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ሆነ የክልልና የከተማ የጤና ተቆጣጣሪዎች “የደም ፍሪጅ አለ?” ብለው ቅጽ ላይ ምልክት አድርገው መውጣት የለባቸውም። ሳይነግሩ በሌሊት ፈረቃ ገብተው ያለፈውን ወር የሙቀት መዝገብ፣ የኩምስ ሬጀንቱንና የመቆጣጠሪያ ሴሉን የአገልግሎት ዘመን፣ የመጨረሻውን መብራት መጥፋት ተከትሎ የተጻፈውን ይመልከቱ። አንድ የከረጢት ቁጥር መርጠው “ይህ ለማን ተሰጠ?” ብለው ይጠይቁ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሕመምተኛው ካርድ ካልተገኘ የዚያ ሆስፒታል መዝገብ ለስሙ ነው። ደሙ ሕመምተኞች ላይ ያስከተለው ምላሽ የሚጻፍበትን መዝገብም ይግለጡት። ትኩሳትን የመሰለ ቀላል ምላሽ ከመቶ ከረጢት በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ የሚጠበቅ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ደም ሲሰጥ ኖሮ መዝገቡ ባዶ የሆነ ሆስፒታል የሚመሰገን ሳይሆን መጀመሪያ የሚፈተሽ ነው። በአንጻሩ ስህተቱን የጻፈ ባለሙያ በደመወዝ ቅጣት ከተመለሰ በሚቀጥለው ዓመት የሚጽፍ አይገኝም፤ መመሪያ የሚያወጡት ይህን ቀድመው ቢያስቡበት ይሻላል።

ጋዜጣችሁም በሚመጣው ሰኔ 7 ስንት ከረጢት ተሰበሰበ ከሚለው ጋር አንድ ጥያቄ ይጨምርልን፦ ከተሰበሰበው ውስጥ በሆስፒታሎች ፍሪጅ ተበላሽቶ ወይም ቀኑ አልፎበት የተጣለው ስንት ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪና የነርሲንግ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ